እህቴ ሆዴን አላሽም ያለችበት ቀን

ከወላይታ ሶዶ ገሱባ በሚወስደው መንገድ ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በወገቤ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ወገቤን ማመም ሲጀምረኝ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱን ለመንገዱ ሰጥቼ ዝም አልኩ። ያኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሲጋራ ከጉርምስናዬ ጀምሮ አጨሳለሁ፤ የደም ግፊት ክኒን ታዞልኝ ትንሽ ሲሻለኝ ትቼዋለሁ። ሰው ሲመክረኝ የምሰማ ዓይነት አልነበርኩም። ባለቤቴ ዘነበች ስለ እኔ ስታወራ፣ መንዳት እንጂ መስማት አልተማረም ትላለች።

አንድ እሁድ ምሳ በልቼ በጀርባዬ ተጋድሜያለሁ። ዘነበች አጠገቤ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች። ድንገት እጇን አቆመችና ሆዴን ማየት ጀመረች። ከእምብርቴ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ የለበስኩት ካናቴራ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። እጄን ባሳርፍበት ከውስጥ ልክ እንደ ልብ ይመታል። ዘነበች ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቄ፤ የራሴን ሆድ የማይበት ምክንያት ኖሮኝ አያውቅም።

በእኛ አካባቢ ሆድ ውስጥ የሚመታ ነገር ከተገኘ መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እምብርቱ ከቦታው ሸሽቷል፣ በቅቤ ታሽቶ ይመለሳል ይባላል። ከባድ ነገር ያነሳ ሰው ላይ ይደርሳል ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ጎማ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ልክ መጣልኝ። ጎረቤት ማን ጎበዝ እንደሆነ ሲጠየቅ ሁሉም አንድ ስም ጠሩ፤ ገሱባ ያለችው አማረች። እጇ የተባረከ ነው፣ ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር ሰው ይመጣላታል አሉኝ። አማረች ታላቅ እህቴ መሆኗን አንዳቸውም አያውቁም። ከተኳረፍን ስድስት ዓመት አልፎን ነበር።

ጠባችን የእናታችን ቀብር ነው። አማረች ጴንጤ ከሆነች ብዙ ዘመኗ ነው፤ እኔ በአባታችን ሃይማኖት በኦርቶዶክስ ቀረሁ። እናታችን የመጨረሻ ዓመታቷን እህቴ ቤት ስላሳለፈች ከእሷ ጋር ቸርች ትሄድ ነበር። ስትሞት ግን እኔ ወንድ ልጅ ነኝ ብዬ፣ ማንንም ሳላማክር፣ ቤተ ክርስቲያን አባታችን አጠገብ አስቀበርኳት። አማረች በዚያን ዕለት አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ከዚያ በኋላም አላናገረችኝም። ቤቷ መንገድ ዳር ነው። በየቀኑ በደጇ አልፋለሁ። ሶዶ መሄድ ስትፈልግ ወጥታ ትቆማለች፤ የእኔን መኪና ከሩቅ ስታይ ፊቷን ወደ እንሰቱ ታዞርና እኔ ካለፍኩ በኋላ ቀጣዩን ትሳፈራለች። እኔም አንድ ቀን ጡሩንባ ነክቼላት አላውቅም። ሁለታችንም የአንድ አባት ልጆች ነን፤ ግትርነቱን እኩል ነው የተካፈልነው።

ዘነበች ሦስት ቀን ጨቀጨቀችኝ። ረቡዕ ጠዋት ወገቤ አላስቀምጥህ ሲለኝ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ መኪናው ጋራዥ ይገባል ብዬ ከስምሪት ወጣሁና ባዶውን ሚኒባስ ይዤ ብቻዬን ገሱባ ወረድኩ።

አማረች ደጇ ላይ መኪናዬ ሲቆም አይታ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። "ሳሮ" አልኳት፤ በቋንቋችን ሰላምታ ነው። "ሳሮ" አለች። ስለ እናታችን አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ሆዴ ውስጥ የሚመታ ነገር እንዳለ ስነግራት ሰሌኑን አነጠፈችልኝ። ሸሚዜን ገልጬ ተጋደምኩ። እሷ ቅቤውን በመዳፏ አሟሟችና ዓይኗን ጨፍና በለሆሳስ ጸለየች። ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ሆዴ ላይ አሳረፈች፣ ሳትጫን፣ እንዲያው እንደሚያዳምጥ ሰው።

ቀስ ብላ ወደ ግራ ሄደች። ቦታው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ፊቷን ሳየው ቀለሙ ተለውጧል። እጇን አነሳችና ቅቤውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች፤ ጣት በጣት፣ ለረጅም ጊዜ።

"ተነስ" አለችኝ። "እኔ ይህን አላሽም። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ።"

ምን እንዳገኘች ብጠይቃት አልመለሰችልኝም። ውርደቱ እስከ ጆሮዬ ተሰማኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቂሟን ይዛ ቆይታ፣ ችግሬን ይዤ ደጇ ስመጣ ልትመልሰኝ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች ብዬ አሰብኩ። ሸሚዜን እየቆለፍኩ ያሰብኩትን ሁሉ በአፌም ተናገርኩት። በእናታችን አስከሬን የተቀየምሽውን በእኔ ሆድ ትወጪዋለሽ ወይ አልኳት። ሶዶ ገበያው አጠገብ አንድ ታዋቂ ወጌሻ አለ፣ ዛሬውኑ እሱ ያሸኛል፣ ያንቺን እጅ አልፈልግም ብያት ወጣሁ።

መኪናውን ሳስነሳ የጋቢናው በር ተከፈተ። አማረች ነጠላዋን አጣፍታ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በፌስታል ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ውረጂ አልኳት። ቀበቶውን ፈልጋ አሰረች። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በእኔ መኪና ሳይነገረው ቀበቶ ያሰረ የመጀመሪያው ተሳፋሪ እህቴ ናት።

በንዴት ነዳሁ። ጉድጓድ ውስጥ በገባን ቁጥር ወገቤን በቢላ የተወጋሁ ያህል ያመኛል፤ ቢያመኝም ለእሷ ላለማሳየት ጥርሴን ነክሼ ይባስ እፈጥናለሁ። አማረች መንገዱን ሳይሆን ሆዴን ነው የምታየው። መኪናው ሲዘል የእሷ እጅ ሆዴን ለመደገፍ እንደሚፈልግ ሰው ወደ እኔ ይመጣና መልሳ ትሰበስበዋለች። አንድ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ድምጿ ተሰበረ።

"ኢሻው፣ ቀስ በል" አለችኝ። ኢሻው ወንድሜ ማለት ነው። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ሳላስበው እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሳ።

የዳሞታ ተራራ ፊት ለፊታችን ሲመጣ፣ ወጌሻው ጋ መሄዴ እንደማይቀር ነገርኳት። እሷም መኪናውን እንዳቆም ለመነችኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ።

"ሃምሳ ዓመት ሰው ሳሽ ኖሬያለሁ" አለች። "የጠላኝንም የሰደበኝንም አሽቻለሁ። አንተን እምቢ ያልኩህ ጠልቼህ ይመስልሃል? አንድ ነገር እንስማማ። ሐኪም በመሣሪያ ይየው። ምንም የለም ካለ ዛሬ ማታ ሳይደርስ ራሴ አሽሃለሁ፤ የእማዬንም ነገር እስክሞት አላነሳብህም።"

አንባቢዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ሐኪም ቤት የሄድኩት ለመታከም አይደለም። ልረታት ነው። ሐኪሙ ምንም የለም ሲል የእህቴን ፊት ለማየት ጓጉቼ፣ መሪውን ወደ ሆስፒታሉ አዞርኩት።

አልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ ያገኘናት ዶክተር ወጣት ናት፤ ከእኔ የመጨረሻ ልጅ አትበልጥም። ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዴ ላይ እያደረገች ስለ መንገዱ፣ ስለ ታሪፉ ታጫውተኛለች። መሣሪያውን ቦታው ላይ እንዳሳረፈች ጨዋታዋ ተቋረጠ። ስክሪኑ ላይ መስመር እየሳበች ደጋግማ ለካች። ከዚያ በሩን ከፍታ ሌላ ሐኪም ጠራች፤ እሱም ለካ። በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ቃል ተነጋገሩ። ልነሳ ስል ትከሻዬን በቀስታ ያዘችኝ።

"አባባ፣ ከአልጋው እንዳይነሱ" አለች። "ሆድዎን ያሸዎት ሰው አለ?"

"እሷ እምቢ ብላኝ ነው" አልኩና ወደ አማረች ጠቆምኩ። የማማርር ይመስላል አነጋገሬ። ዶክተሯ እህቴን ቀና ብላ አየቻት። ቀጥላ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ሹፌር ነኝ አልኳት።

"እንግዲያው ይገባዎታል" አለች። "ጎኑ ያበጠ ጎማ አይተው ያውቃሉ። ከልብ ወደ ታች የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ ሆድዎ ውስጥ እንደዚያ አብጧል። ሁለት ሳንቲሜትር መሆን የሚገባው ሰባት ተኩል ደርሷል። የሚመታው እሱ ነው። ቢጫኑት ኖሮ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ከፈነዳ ደግሞ እኛ እጅ እስኪደርሱም ጊዜ አይኖርም።"

ጎኑ ያበጠ ጎማ ይዤ ተሳፋሪ ጭኜ አላውቅም። እንዲህ ያለ ጎማ ያየሁበትን ሹፌር ከመናኸሪያ እንዳይወጣ ተጣልቼ አውቃለሁ። ራሴ ግን ያንን ሆድ ይዤ፣ እህቴን ጎኔ አስቀምጬ፣ በዚያ መንገድ በንዴት ስበር መጥቻለሁ። 

አማረች የቤት ቋንቋዋ ወላይትኛ ነው፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። "ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ይሞታል?" አለቻት ዶክተሯን። ዶክተሯም መዳኛ እንዳለው፣ ነገር ግን እዚህ ስለማይሠራ አሁኑኑ በአምቡላንስ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለብኝ ነገረቻት። አማረች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ረትታኝ ነበር፤ ግን እንደ እሷ ያዘነ ረቺ አላየሁም።

ሚኒባሴን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ትቼ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ክንዴ ላይ ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት ተተክሎልኝ ተጓዝን። ተጠርታ የመጣችው ዘነበች በእግሬ በኩል፣ አማረች በራሴ በኩል ተቀምጠዋል። በሕይወቴ ሰው ሲነዳኝ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የሁለቱም ሴቶች ዓይን ሆዴ ላይ ነው። መምታቱን ሲያዩ ይፈራሉ፤ የማይመታ ሲመስላቸው ደግሞ ይብስባቸዋል።

አዲስ አበባ እንደደረስን ሆዴን በትልቁ ማሽን ፎቶ ተነሳሁ። የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ነው ያስረዳኝ። አንደኛው መንገድ ሆድን ከፍቶ ያበጠውን ቧንቧ በሌላ መተካት ነው፤ በሲጋራ የተጎዳው ሳንባዬ ግን ያንን የሚችል አልመሰለውም። ሁለተኛው ሆድ ሳይከፈት በስቴንት ነው። በሁለቱ ብሽሽቶቼ ባሉት የደም ሥሮች ቀጭን ሽቦ ይገባና፣ በጨርቅ የተሸፈነ የብረት መረብ ተጣጥፎ በሽቦው ላይ ወደ ላይ ይወሰዳል። ያበጠው ቦታ ሲደርስ ውስጥ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ደሙ በአዲሱ ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ ያበጠውን ግድግዳ አይገፋውም። ጎማው ውስጥ ሌላ ጎማ ታስገባለህ ማለት ነው አልኩት። ሳቀና፣ ከዚህ በኋላ ለሹፌሮች ሁሉ እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው አለኝ። ችግሩ ስቴንቱ በሰው ልክ የሚመረጥ መሆኑ ነው። የእኔ ልክ እጃቸው ላይ አልነበረም። እስኪመጣ አራት ቀን መጠበቅ ነበረብን።

እነዚያን አራት ቀናት እንዴት ልንገርህ። ማስነጠስ ፈራሁ። ሳል ሲመጣብኝ ትራስ አቅፌ እውጠዋለሁ። ሽንት ቤት ሄጄ ማማጥ እንኳ ተከልክያለሁ። ከዚያ በፊት ሞትን የማስበው መንገድ ላይ፣ በግጭት ነበር፤ አሁን ግን ከእኔው ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እጄን ባሳረፍኩበት ቁጥር መልስ ይሰጠኛል። ከሁሉ በላይ የፈራሁት የእናታችንን ነገር ሳልናገር እንዳልሞት ነው። በሦስተኛው ቀን ዘነበች ወደ ፋርማሲ ስትወርድ አማረችን ጠራኋት።

"እትዬ፣ የእማዬን ቀብር ሳላማክርሽ ማድረጌ ልክ አልነበረም" አልኳት። "የልጅነት ድርሻሽን ነው የቀማሁሽ። ይቅር በይኝ።"

አማረች ብርድ ልብሴን ታስተካክል ነበር፤ ማስተካከሏን ቀጠለች። በኋላ፣ እማዬ የትም ብትተኛ ጌታ አያጣትም፣ እኔን የጎዳኝ ሳትጠይቀኝ መቅረትህ ነው አለች። ከዚያ በእንባዋ መሃል፣ አሁን አርፈህ ተኛ፣ ሆድህ ይመታል ብላ ተቆጣችኝ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጸለየችልኝ፤ ስትጨርስ እኔ አማተብኩ። አጠገባችን የተኛው በሽተኛ የየትኛው እምነት ሰዎች እንደሆንን ግራ ገብቶት ለሁለቱም አሜን አለ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወሰዱኝ። ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ ስለነበር ነቅቼ ነው የሠሩልኝ። ሐኪሞቹ ከባድ መከላከያ ለብሰው ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል። ዋናው ሐኪም ትንሽ፣ ትንሽ፣ ቁም ሲል ልክ መኪና ወደኋላ ሲመለስ የሚመራ ረዳት መሰለኝ። ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ሦስተኛው ተጀመረ። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ፈነዳ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሐኪሙ እጅ ትከሻዬን ነካኝ።

"ጋሼ፣ ተዘርግቷል። ደሙ በሚገባ እያለፈ ነው፣ ወደ ውጭ የሚፈስም የለም። አልፏል።"

አልፏል የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼ ይሆናል፤ ትርጉሙን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አለቀስኩ። እንደ ልጅ፣ ሳላፍር አለቀስኩ። ነርሷ እኔ ሳልነካው እንባዬን በፎጣ ጠረገችልኝ። ክፍሌ ከተመለስኩ በኋላ ቀስ ብዬ መዳፌን ሆዴ ላይ አሳረፍኩ። ያ ከውስጥ የሚያንኳኳው ነገር የለም። ጸጥታ ነው። ዘነበች ካልነካሁት አላምንም ብላ እሷም ነካችው፣ ከዚያም እየሳቀች አልጋዬ ጠርዝ ላይ ዝርፍጥ አለች።

በማግስቱ ዘነበች ልብስ ልታጥብ ዘመድ ቤት ስትሄድ እህቴን ጠየቅኋት፤ ሐኪም እንኳ በመሣሪያ ያወቀውን አንቺ በባዶ እጅሽ እንዴት አወቅሽው አልኳት። 

"ሰው ገድዬበት ነው የማውቀው" አለችኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ከዲምቱ አንድ ሰው ብቻውን መጣላት። ሆዱ እንደ እኔ ይመታል። እሷም እምብርት ነው ብላ በሙሉ ጉልበቷ አሸችው። ሰውየው መርቋት፣ ቀለለኝ ብሎ ወጣ። ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ። ወሬው በገበያተኛ በኩል ሲደርሳት ዲምቱ ድረስ ሄዳ ለቅሶው ላይ ከኋላ ተቀመጠች፤ ማን እንደሆነች ግን አልተናገረችም። ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው ይላል። የእሷ እጅ ግን፣ ያ የሚመታው ነገር ከጣቶቿ ሥር የሆነውን አልረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ከማሸቷ በፊት መዳፏን አሳርፋ ታዳምጣለች። ይህን ለባሏም፣ ለፓስተሯም ነግራ አታውቅም። ለእኔም እምቢ ባለችኝ ጊዜ ምክንያቱን ያልነገረችኝ ይህን መናገር ስለነበረባት ነው።

እኔ ሕይወቴን ያገኘሁት በዚያ ሰው ሞት መሆኑ ያኔ ገባኝ። እጇን ያዝኩት።

አሁን ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፎኛል። በየጊዜው እየሄድኩ በማሽን እታያለሁ፤ ስቴንቱ ቦታው ላይ ነው። ሲጋራዬን ተውኩ፣ ክኒኔን እውጣለሁ። ዘነበች መስማት ተማረ ብላ ለጎረቤት ነግራለች። አንተ ይህን የምታነብ፣ በተለይ ዕድሜህ ስድሳ አልፎ ሲጋራ ያጨስክ ወይም ግፊት ያለብህ ሰው፣ አንድ ቀን ሆድህን በአልትራሳውንድ ታይ፤ አያምም፣ ብዙ ጊዜም አይወስድም። የሚመታ ሆድ ካየህ ማንም እንዳይጫነው። ወገብህን ሲያምህም ጥፋቱን ሁሉ ለመንገድ አትስጥ። አማረችን እወቅሳት እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። እኔ ግን ያጠፋችውን ሳትረሳ የኖረች ሰው ባታገኘኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። የማይረሳ እጅ ያለው ሰው ብዙ አይደለም።

ሐኪሙ መንዳት ከፈቀደልኝ በኋላ አማረች ዲምቱ ውሰደኝ አለችኝ። የሟቹ ሚስት በሕይወት አለች። አሮጊት ሆናለች፤ በረንዳዋ ላይ አስቀመጠችን። አማረች ሁሉንም በወላይትኛ ነገረቻት፤ ስሟን፣ ያን ቀን ያደረገችውን፣ ለቅሶው ላይ ዝም ማለቷን፣ የእኔም ሆድ እንደዚያ ሲመታ እምቢ ማለቷን። ሴትየዋ መሬት መሬት እያየች ሰማች። አማረች ተናግራ ጨረሰች። እኔ እርግማን ጠበቅሁ።

ሴትየዋ ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች። የት ነበር የሚመታው አለችኝ። በሸሚዜ ላይ አሳየኋት። ተነስታ መጣችና የሻከረ መዳፏን እዚያ ቦታ ላይ አሳርፋ ጠበቀች።

"አሁን አይመታም" አልኳት።

"አይመታም" አለች። እጇን ሳታነሳ፣ በሌላው እጇ የእህቴን እጅ ፈልጋ ያዘች።